የካፒቴን ናዋዚሽ ክንድ

አቋራጭ መንገድን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው የሌለበት ሕንፃ በዓለም ላይ የለም። የካራቺው ሕንፃችን ደግሞ የሁሉንም አለቃ ይዟል፦ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩትን ክቡር ካፒቴን ናዋዚሽ ሳሂብን። ጡረታ እስኪወጡ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። አውሮፕላን የሚያበርሩት ጓዳቸው ውስጥ፣ በኮምፒውተር ጨዋታ ነው።

ታዲያ ጄት እንዳይመስላችሁ። አባታቸው በልጅነታቸው ትከሻቸው ላይ አውጥተው ያሳዩአቸውን ባለ አራት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፤ ባሕሬን፣ ካይሮ፣ ሮም እያረፈ ሎንዶን የሚገባውን። ጨዋታው ሰዓት ማፍጠኛ ቁልፍ እንዳለው አንድ ቀን ጠቆምኳቸው። በሐዘን አዩኝ።

“ባሕሩን ካሳጠርኩት ምኑን ተሻገርኩት፣ ልጄ?”

ሕንፃው ሁሉ አፓ፣ ታላቅ እህት፣ የሚላቸው ባለቤታቸው ሻኢስታም ከእርሳቸው አይሻሉም። እኛ ዘንድ መንገደኛ ሳንቲም የተቋጠረበት ጨርቅ ክንዱ ላይ ይታሰርለታል፤ በደህና ሲደርስ ይፈታና ሳንቲሙ ለድሃ ይሰጣል። አፓ ከሳሎን ወደ ጓዳ ለሚሄድ ባል ያስራሉ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። መጀመሪያ ሳይ ሳቅሁ። በሁለተኛው ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።

ጠላታቸው መብራት ነው። የሕንፃው ኮሚቴ ጄኔሬተሩ ለአሳንሰርና ለውሃ ብቻ ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር አውሮፕላኑ ከነተሳፋሪው ባሕር ይገባል። ካፒቴኑ ደግሞ የሰመጠ አውሮፕላን ካቆመበት አይቀጥልም ይሉና ከካራቺ እንደገና ይነሳሉ። ባሕሬን ስላልደረሱ የፊተኛው ጨርቅ አይፈታም፤ አዲሱ በላዩ ይታሰራል። ክንዳቸው እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ ወፈረ። በራችን ላይ የሚለምኑት ሽማግሌ ሳይቀሩ፣ ባሕሬን ዛሬም አልተደረሰም ወይ እያሉ ይጠይቁ ጀመር።

ሐሙስ ዕለት የኮሚቴው ሰብሳቢ ሀጂ ጋፋር መጡ። ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁ።

“ናዋዚሽ ሳሂብ፣ የልጅ ልጆችዎ እንኳ ይሄን ጨዋታ ትተውታል። ሰው እየሳቀብዎ ነው።”

“ይሳቅ። ወደብ ላይ የቀረ ሁሉ በሚሄደው ይስቃል። እኔ ነገ እነሳለሁ።”

“መብራት ይጠፋል እኮ።”

“ይጥፋ። እነሳለሁ አልኩ።”

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሲነጋ በሰኔ ሙቀት ነፍሴን ይዞ የከረመውን የማራገቢያዬን ባትሪ ነቅዬ ተሸከምሁና አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ካፒቴኑ አላመሰገኑኝም። ባትሪውን አዩ፣ እኔን አዩ።

“ጭነት ብቻ ነው ወይስ ራስህም ትሳፈራለህ?”

ሥራ አለብኝ ልል አፌን ስከፍት አፓ ክንዴን ይዘው ማሰር ጀምረው ነበር።

ባሕሩ መሐል ስንደርስ መብራት ጠፋ። ሠፈሩ ሁሉ ዝም አለ፤ የእኛ አራት ሞተሮች ግን በባትሪው ማጉረምረማቸውን ቀጠሉ። ላባችን እየተንጠፈጠፈ ውሃ፣ ውሃ፣ አሁንም ውሃ አየን። ይሄን ያህል ውሃ አንድ ጓዳ ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ከዚያ ከዳር ቀጭን የአሸዋ መስመር፣ ባሕሬን፣ ብቅ አለ፤ ካፒቴኑም ጎማውን መሬት ላይ እንደ ሕፃን አስተኙት።

አፓ የባላቸውን ክንድ ጨርቆች አንድ በአንድ ፈቱ። ሳንቲሙን ለበሩ ሽማግሌ ይዤ ልወርድ ስነሳ የእኔንም ሊፈቱ እጃቸውን ዘረጉ።

ክንዴን ሸሸግሁ። ካይሮ ገና ነው።