የተቃጠለ ስካር

የውስኪ አጣጣሚዎች የወዳጅነት ማኅበር መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ የወሩ የመጨረሻ እሑድ
ቦታ፦ ከልብስ ስፌት ሱቁ በስተጀርባ ያለው ክፍል፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ በ9፡40

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው፣ በጡረታ ላይ ያሉ ፋርማሲስት
2. የጥርስ ሐኪሟ
3. ልብስ ሰፊው፣ የክፍሉ ባለቤት
4. የሰብሳቢው አማች፣ ሥራቸው ለማኅበሩ እስካሁን ግልጽ ያልሆነ
5. ጸሐፊው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ይህን የሚጽፈው

ያልተገኙ፦ የሒሳብ መምህሩ (እሑድ እሑድ የት እንደሚውሉ ባለቤታቸው ስለደረሱበት)፣ ፀጉር አስተካካዩ (መጠጥ ስላቆሙ)፣ መካኒኩ (ፀጉር አስተካካዩን ሊያጽናኑ ስለሄዱ)።

አጀንዳ 1፦ ምልዓተ ጉባኤ

በደንባችን መሠረት ስብሰባ የሚካሄደው ከስምንቱ አባላት ስድስቱ በአካል ሲገኙ ነው። አምስት ነን። ሐኪሟ እንግዲያው ልሂድ ብለው ቦርሳቸውን ሲያነሡ፣ አማቹ ጥግ ላይ የቆመችውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አመልክተው ስድስተኛ ሆና እንድትቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። አሻንጉሊቷ ዛሬ ደንበኛ የሚወስደውን የሱፍ ካፖርት ለብሳለች። የእጅጌው አወራረድ እንዲታይ ቀኝ እጇ ወደ ላይ ተነሥቷል። ጭንቅላት የላትም።

ሐኪሟ አፍንጫም ምላስም የሌላት በምኗ ልታጣጥም ነው ሲሉ ተቃወሙ። አማቹ ደንቡ «በአካል የተገኘ» እንጂ «በጭንቅላት የተገኘ» እንደማይል፣ ሙሉ በሙሉ በአካል ብቻ የተገኘችው ደግሞ እሷ እንደሆነች አስረዱ። ልብስ ሰፊው በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሰው አቋርጣ እንደማታውቅ መሰከሩላት። ከረዥም ውይይት በኋላ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተብሎ ተወሰነ። ብርጭቆም ተቀዳላት፤ አማቹ ጠጡላት።

አጀንዳ 2፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ሰብሳቢው ሁሉም አንብቦት እንደሆነ ጠየቁ። ሁሉም በደንብ አንብበናል አሉ። ጸሐፊው በዚህ ማኅበር አራት ዓመት ሲጽፍ አንባቢ አጋጥሞት ስለማያውቅ ደስ ብሎታል። የአሻንጉሊቷ እጅ ቀድሞውኑ ተነሥቶ ስለነበር በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 3፦ የዓመቱን ዘጠነኛ ጠርሙስ ማጣጣም

አሠራራችን እንዲህ ነው። የጠርሙሱ ስም እንዳያታልለን ልብስ ሰፊው በልኩ የተሰፋ የጨርቅ ከረጢት ያለብሱታል። እያንዳንዱ አባል አንድ ጉንጭ ይጎነጭና ትንፍሽ ሳይል ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፤ ሽታ፣ ጣዕም፣ ስንብት። ስንብት የተባለው ውስኪው በጉሮሮ ከወረደ በኋላ አፍ ውስጥ ጥሎት የሚሄደው ነገር ነው። ቃሉን ለመምረጥ ሦስት ስብሰባና አንድ ኩርፊያ ፈጅቷል። ከዚያ ጸሐፊው ቅጾቹን ጮክ ብሎ ያነባል።

የሰብሳቢው ቅጽ፦ «ሽታ፦ የተቃጠለ ስካር።»
የልብስ ሰፊው፦ «ሽታ፦ የተቃጠለ ስካር፣ በመጠኑ።»
የአማቹ፦ «ሽታ፦ የተቃጠለ ስካር፣ በጣም።»
የሐኪሟ፦ «ሽታ፦ ላስቲክ። የራሴ ጓንት ሊሆን ይችላል።»

ሐኪሟ ስካር ሲቃጠል ምን ምን እንደሚል እንዲብራራላቸው ጠየቁ። ሰብሳቢው ለአሥራ ሁለት ደቂቃ አብራሩ። ስካር ጥሬና የተቃጠለ ተብሎ እንደሚከፈል፣ የተቃጠለው በርሜል ውስጥ ብዙ ዓመት በመቀመጥ እንደሚመጣ፣ ያልሠለጠነ አፍንጫ ግን ላስቲክ ሊመስለው እንደሚችል ገለጹ። አማቹም አንድ ሠርግ ላይ እንዳጋጠማቸውና በማግስቱ ራሳቸውን አስይዞ እንዳዋላቸው በመናገር ሐሳቡን አጠናከሩ።

ሐኪሟ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ገጽ ሁለትን ገለጡ። ስምንተኛው ጠርሙስ፣ ሽታ፣ «የተቃጠለ ስካር» ይላል። ጸሐፊው «ስኳር» ብሎ ሊጽፍ «ኳ»ን «ካ» አድርጎታል። ስህተቱ የጸሐፊው እንደሆነ ጸሐፊው ያምናል።

ከዚያ ሐኪሟ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሌላ ጠርሙስ ነው» አሉ። ሰብሳቢው ከቃለ ጉባኤ መጥቀስ ኩረጃ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ለማኅበሩ ሰነዶች ያላቸውን ክብር እንደሚያሳይ ተናገሩ። ልብስ ሰፊው ከሰብሳቢው መገልበጣቸውን አመኑ። አማቹ ከልብስ ሰፊው መገልበጣቸውን አምነው፣ «በጣም» የምትለዋ ግን የራሳቸው ሥራ መሆኗ እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ሐኪሟ ያልተነበበ አንድ ቅጽ አለ አሉ። የጸሐፊው ነው። «የተቃጠለ ስኳር» ይላል፤ በትክክለኛው «ኳ»። ሐኪሟ የቀድሞዎቹን ቃለ ጉባኤዎች አንድ በአንድ ገልጠው ጸሐፊው ሰባት ወር ሙሉ ይህንኑ ሲጽፍ መኖሩን፣ ሰብሳቢውም ሰባት ወር ሙሉ ከእርሱ ሲወስዱ መኖራቸውን አሳዩ። ቀጥለው ከቦርሳቸው ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። ጸሐፊውን ዓይኑን አስጨፍነው ብልቃጧን ከአፍንጫው ሥር ያዙለትና ምን እንደሚሸተው ጠየቁት። ጸሐፊው «የተቃጠለ ስኳር» አለ። የቅርንፉድ ዘይት ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት አማቹ እንኳ ከሽታው የተነሣ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

ጸሐፊው ከሰባት ወር በፊት ብርቱ ጉንፋን ይዞት እንደነበር፣ ጉንፋኑ ሲለቀው የማሽተት ኃይሉን ይዞበት እንደሄደ ተናገረ። ጉንፋኑ በጣለው ዕለት ዋዜማ ባለቤቱ ስኳር ድስት ላይ ረስታ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነበር። ጸሐፊው መስኮት እየከፈተ፣ ድስቱን እየረገመ፣ እስኪተኛ ድረስ ሲነጫነጭባት አመሸ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልሸተተውም። ቅጽ በተሰጠው ቁጥር ያችን የስኳር ሽታ የሚጽፈው ሌላ የቀረችው ስለሌለች ነው። ይህን የተናገረው ሳይጠየቅ በመሆኑ ከአጀንዳ ውጭ ተብሎ ተይዟል።

አጀንዳ 4፦ የጸሐፊው ስንብት (ሦስተኛው ዓምድ ሳይሆን እውነተኛው)

ሰብሳቢው በደንቡ አንቀጽ አራት አባል «የሚያሸት አፍንጫ ያለው ይሆናል» እንደሚል አስታውሰው ጸሐፊው ከማኅበሩ እንዲሰናበት ሐሳብ አቀረቡ። ሐኪሟ እንግዲያው ጋሼም ብልቃጧን ያሽትቱ አሉ። ሰብሳቢው የእርሳቸው አፍንጫ በአጀንዳ እንዳልተያዘ መለሱ። ሐኪሟ ጸሐፊውን ያጋለጡት እንዲታከም እንጂ እንዲባረር እንዳልሆነ በቁጣ ተናገሩ። ልብስ ሰፊው «ወንድሜ አፍንጫው ቢያምፅ የሚጽፍበት እጁ መች አመፀ?» ሲሉ ደገፏቸው።

ጸሐፊው መሰናበት አይፈልግም። ገለልተኛ መስሎ መጻፍ ከዚህ ላይ አቅቶታል። ሳምንቱን ሙሉ ከፋይል ጋር ይውላል፤ ቤት ሲገባ የሚበላው ሁሉ ካርቶን ካርቶን ይለዋል። ሰው ስለ ሽታና ስለ ጣዕም ሲከራከር ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ቦታ ይህ ክፍል ብቻ ነው።

ጉዳዩ የራሱ ስለሆነ ጸሐፊው ድምፅ እንዳይሰጥ ተደረገ። ለስንብቱ ድጋፍ፣ ሰብሳቢውና አማቹ። ተቃውሞ፣ ሐኪሟና ልብስ ሰፊው። ሁለት ለሁለት ሲሆን አማቹ ወደ ጥግ ዞረው አሻንጉሊቷ እጇን እንዳነሣች አመለከቱ። ሐኪሟ «ከጠዋት ጀምሮ ነው እኮ ያነሣችው!» ቢሉም፣ ሰብሳቢው ቀድሞ አቋም መያዝ በደንቡ እንዳልተከለከለ ወሰኑ። ጸሐፊው በሦስት ለሁለት ድምፅ ተሰናበተ።

እስክሪብቶውን የሚረከብ ሰው ተፈለገ። የሰብሳቢውን ጽሕፈት ራሳቸውም አያነቡትም። ሐኪሟ አልጽፍም አሉ። ልብስ ሰፊው ጽፈው ሲያሳዩ የወገብና የደረት ልክ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አማቹ እጃቸው በብርጭቆ ተይዟል። ስለዚህ ጸሐፊው የራሱን መሰናበት እስከ መጨረሻው እንዲጽፍ ታዘዘ።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

የተረፈው ውስኪ ተቀዳ። ጸሐፊው ብርጭቆውን አንሥቶ እንደ ልማዱ አሸተተ፤ ምንም አልሸተተውም። በግራው የተቀመጡት ልብስ ሰፊው ጠጋ ብለው በጆሮው «ካውያ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ ያለውን ሽታ ታስታውሳለህ? እሱን ነው የሚለው። ከኋላው የብርቱካን ልጣጭ አለ» አሉት። ጸሐፊው ካውያና ሱፉን አስታወሰ። ብርቱካኑንም አስታወሰ።

ሰብሳቢው ይህን ሲያዩ ቆይተው፣ እንዳይመዘገብ አስጠንቅቀው፣ «እኔ እንኳ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጠጣ የለየሁት ነገር ቢኖር ያቃጥላል፣ ደግሞ ደስ ይላል፤ ይኸው ነው» አሉ።

በዚህ መካከል የካፖርቱ ባለቤት ገቡ። ታክሲ አስቁመው ስለመጡ እንዳይለካ፣ እንዳይታጠፍ ብለው ካፖርቱን ራሳቸው ከአሻንጉሊቷ ላይ ሞጭለፍ አድርገው በፌስታል ከተው ወጡ። ታክሲው ከሄደ በኋላ የአሻንጉሊቷ ቀኝ እጅ በእጅጌው ውስጥ እንዳለ አብሮ መሄዱ ታወቀ።

ሐኪሟ ወዲያው እጅ አነሡ። የድምፅ ሰጪዋ እጅ ከነድምጿ በታክሲ ስለተወሰደ ውጤቱ ሁለት ለሁለት መሆኑን፣ ደግሞም አካሏ የጎደለ «በአካል ተገኝታለች» ልትባል ስለማትችል ምልዓተ ጉባኤው ከመነሻው እንዳልነበረ አስረዱ። ሰብሳቢው ሊቃወሙ አፋቸውን ሲከፍቱ ሐኪሟ ለስለስ ባለ ድምፅ «ስብሰባው ካልነበረ እኮ አጀንዳ ሦስትም የለም፣ ጋሼ። የኮረጀ ሰው የለም» አሉ። ሰብሳቢው አፋቸውን ገጥመው ጥቂት አሰቡና ሐሳቡን ከማንም በላይ ደገፉ። አማቹ «በጣም»ም አብራ ልትሰረዝባቸው በመሆኑ ቅሬታቸውን አሰሙ፤ ቅሬታውም ተሰረዘ።

ስለሆነም የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ፣ ይህን ውሳኔ ጨምሮ፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። አሻንጉሊቷ አልተቆጠረችም። ያለፈው ቃለ ጉባኤ አልጸደቀም። ማንም ከማንም አልገለበጠም። ማንም አልተሰናበተም።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡20 ላይ ያልተካሄደ ሆኖ ተበተነ።

ሲወጡ ሐኪሟ ብልቃጧን በጸሐፊው ኮት ኪስ ከተቱለት። ጠዋት ጠዋት እንዲያሸትት፣ ባይሸተውም እንዳይተው፣ በቤቱ ያለውን የሚያውቀውን ሽታ ሁሉ እንዲሞክር አዘዙት። አንዳንድ ሰው ላይ ቀስ እያለ ይመለሳል አሉ። ጸሐፊው አሁን ስኳር ገዝቶ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። ባለቤቱን ድስቱን ጥደሽ እርሺው ብሎ ሊለምናት ነው፤ መስኮትም አይከፍትም። ስብሰባው ስላልተካሄደ ይህ አልተመዘገበም።