የማይቆረጠው ማስታወቂያ

ሰው ስልኩን እየነካካ ዘፈን ሲያዘልል ሳይ ደሜ ይፈላል። ዝላይ ለፍየል ነው! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ሲባል አልሰማችሁም? በደርግ ጊዜ ካሴት የገዛን ሰዎች የማንወደውን ዘፈን ችለን ነበር የምንወደው ጋ የምንደርሰው፤ ትዳርንም የቻልነው በዚያው ትምህርት ይመስለኛል።

የኔ ካሴት ዐሥር ዘፈን አለው። ዘፋኙ መጀመሪያ ይለማመጣል፣ ቀጥሎ ይኮራል፣ ሳይድ ቢ ላይ ይጸጸታል። ኪቦርድ ያኔ ብርቅ ስለነበር ተጫዋቹ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ያለቦታውም ይገባል። ይግባ፤ እወደዋለሁ! ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሦስተኛው ዘፈን ነው፤ መሀሉ ላይ ማስታወቂያ አለበት። የዚያ ዘመን ሙዚቃ ቤቶች ካሴት ሲቀዱላችሁ፣ ልክ አንጀታችሁ ሲንሰፈሰፍ ጠብቀው የራሳቸውን ወሬ ይሰነቅሩበት ነበር። የኔው ላይ አንዲት ልጅ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ይህ ካሴት የተቀዳው ሐረር፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ ነው» ትላለች። ለመምህርነት ተመድቤ ሐረር ከገባሁ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ከፖስታ ቤቱ ዝቅ አልኩ። ባለድምፅዋን አገኘኋት፣ አገባኋት፤ ጥሩወርቅ ትባላለች። ይኸው ሦስት ልጅ ወልደናል።

ባለፈው ሳምንት ቴፑ ክሩን በላው። የቱ ጋ? ማስታወቂያው ላይ! ቤቴ ካለበት ከሐኪም ተራራ ወርጄ፣ በከተማዋ ግንብ ኤረር በር አጠገብ ሬዲዮ ወደሚሠሩት ሽማግሌ፣ ወደ አው ረመዳን ሄድኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ክሩን አገላብጠው አዩት።

«ወላሂ መምህር፣ ይቺ የተጨማደደችዋ ተቆርጣ ቢቀጠል ነው የሚሻለው። ማስታወቂያ ናት፤ ምን ያደርግልዎታል?»

«የባለቤቴ ድምፅ ነው፤ አትቆረጥም!»

«እንግዲያ በእጅ እናፍታታት። ይመላለሱ፤ ኢንሻአላህ ትድናለች።»

ሁለት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን የሚያመኝን ጉልበቴን እያሸሁ ልወጣ ስል ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመች።

«ተወው፤ ይቆረጥ» አለችኝ።

«ድምፅሽ?»

«የኔ መች ሆነና! የጓደኛዬ የሻሼ ነው፤ ሙዚቃ ቤቱ አብረን ነበር የምንሠራው።»

ተቀመጥኩ። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ዓይኔን ጨፍኜ የማዳምጠው ሻሼን ኖሯል!

«እኔ ነኝ ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬሃለሁ። ባለድምፅዋ ማናት እያልክ ስትመጣ ሻሼ ምሳ ወጥታ ነበር። አንተ ደግሞ ሸጋ ነበርክ።»

ልቆጣ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ የምትገባው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ ሞኙ አፍራ ይመስለኝ ነበር። ተነስቼ ጫማዬን አጠለቅሁ።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«አላስቆርጥም! አንቺ ያለሽበትን ቦታ የጠቆመችኝ እኮ እሷ ናት።»

ካሴቱ ድኗል። ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ በኛ ዕድሜ የማይንቀጠቀጥ ማን አለ? ጥሩወርቅም ጓዳ መግባቱን ትታለች። ሻሼ መናገር ስትጀምር መጥታ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ፈገግ እንዳልል ትጠብቀኛለች።