ዘርጋውን ማን ይልቀቅ?

በእኛ አገር የመጀመሪያው ሰው ዘር እንጂ የሁለተኛው ሰው ዘር አይገኝም። እስኪ ልብ በሉ! ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ አንዱን ሽማግሌ ስለ ዘሩ ጠይቁ፤ ቅድመ አያቱ ጫካ መንጥሮ፣ አውሬ አባሮ አገሩን ያቀና ነው። በማግስቱ ደርሶ «እንደምን አደራችሁ፣ ትርፍ ቦታ አለ?» ያለው ሰውዬስ? እሱ ልጅ አልወለደም? ወይስ ጫካው ሲመነጠር አብሮ ተመነጠረ?

የእኛ አቅኚ አባት ዘርጋው ይባላል። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሽ ይልማ ናቸው፤ ያሳደጉኝም በእህልና በዘርጋው ነው። ዘርጋው ነብር በመጥረቢያ ገድሏል። ልጅ ሳለሁ ነብሩ አንድ ነበር፤ ተምሬ፣ አስተማሪ ሆኜ ቢቸና ስመለስ ሚስቱንና ግልገሎቹን ጨምሮ ጠበቀኝ። የመነጠረው ጫካም በየዓመቱ እየሰፋ ሄዶ በቅርቡ ዓባይን ተሻግሯል።

ታዲያ ሰላማዊት የምትባል የሞጣ ነርስ ወደድኩ። ወደደችኝም፤ ይህን የምናገረው ለጉራ ሳይሆን በኋላ ለደረሰብን ነገር ስለሚጠቅም ነው። ጋሽ ይልማ ጎረቤታችንን መሪጌታን ይዘው ለሽምግልና ተነሡ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ነገር ግን የተዋስነውን መኪና የሚነዳ ሌላ ሰው ስላልተገኘ፣ የገዛ ራሴን ጋብቻ በሾፌርነት እንድከታተል ተፈቀደልኝ።

የሰላማዊት አባት ጋሽ ዳምጤ የማር ነጋዴ ናቸው። በደንብ ያውቁኛል። ያም ሆኖ ለወጉ ሲሉ «ሾፌሩም ይግባ፣ እህል ይቅመስ» አሉና በር ሥር ተቀመጥኩ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ጥያቄው ቀረበ። ጋሽ ዳምጤ ደስታቸውን አልደበቁም። የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ብቻ ነበር፤ ሙሽራና ሙሽሪት እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና እንዳይኖራቸው ማጣራት ማለት ነው።

ጋሽ ይልማ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ቀን መጣ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ከእኔ ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ጣሪያ ነካ፦ «ዘርጋው! አገር ያቀናው!»

ጋሽ ዳምጤ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «የቱ ዘርጋው?»

«ስንት ዘርጋው አለና ነው? ነብር በመጥረቢያ የገደለው ነዋ!»

«ነብር አይደለም፣ አንበሳ ነው» አሉ ጋሽ ዳምጤ። «ልጄንም ብትቆጥሯት ሰባተኛዋ እሱው ነው።»

በር ሥር ሆኜ ትዳሬ ሲፈርስ ሰማሁ። ሁለቱን ያሳሰባቸው ግን ትዳሩ አልነበረም፤ አውሬው ነበር። አንዱ ነብር ሲል ሌላው አንበሳ፣ አንዱ ቢቸና ሲል ሌላው ሞጣ፣ ተጋጋሉ። ሰላማዊት ጠጅ ለመቅዳት ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። ለእኔ ስትቀዳ አባቷን እያየች ጉልበቴ ላይ አፈሰሰችው፤ እኔም ሾፌር ስለሆንኩ ላጽናናት አልቻልኩም።

መሪጌታ አዘኑልን። «አንዳችሁ ዘርጋውን ልቀቁትና ልጆቹ ይጋቡ» አሉ።

«እኔ?» አሉ ጋሽ ይልማ። «ለልጁ ሌላ ሚስት አላጣለትም፤ ሌላ አባት ግን ከየት አመጣለታለሁ?»

«አባዬ፣ ስጣቸው» አለች ሰላማዊት እንባዋን እየዋጠች። «ዘርጋው ምን ያደርግልናል?» አባቷ እንደዚያ ሲደነግጡ አይቼ አላውቅም።

መሪጌታ ሌላ ዘዴ አመጡ። ከዘርጋው በታች፣ ከሁለቱም ወገን፣ ምናልባት የተረሳ አንድ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እሱ ቢታወስ ዘርጋው ስምንተኛ ይሆንና ጋብቻው ይፈቀዳል። በዚህስ ተስማሙ። ጋሽ ይልማ ወዲያው አንድ ፊታውራሪ አስታወሱ። ጋሽ ዳምጤ ጥቂት አሰቡና እሳቸው ያስታወሱት ደጃዝማች ሆኖ ተገኘ። «እንደሱማ ከሆነ የእኛም ደጃዝማች ነበር!» ብለው ጋሽ ይልማ ብድግ አሉ። ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። እኔም የመኪናውን ቁልፍ አወጣሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ቁልፍ የለም።

ይሄኔ ከጥግ ሳቅ ተሰማ። የጋሽ ዳምጤ አክስት እማሆይ ናቸው፤ ጆሯቸው አይሰማም ተብሎ ማንም ልብ ያላላቸው።

«ኧረ ለመሆኑ ዘርጋው መቼ ልጅ ወለደና?» አሉ። «ምስኪን! አያቴ እንደነገሩኝ፣ ተጥለው የተገኙ ሁለት ሕፃናት አንሥቶ አሳደገ፤ አንዱን ከዓባይ አፋፍ፣ አንዱን ከገበያ ዳር። የዓባዩ ቢቸና ሄደ፣ የገበያው እዚህ ቀረ። ነብርም አንበሳም አልገደለም። አህያውን ጅብ በልቶበት ሲያለቅስ ነው የኖረው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?» አሉ ጋሽ ዳምጤ።

«መቼ አስወራችሁኝ?»

እኔና ሰላማዊት ተያየን። ዘመድ አይደለንም! እልል ሊባል ነው ብዬ ስጠብቅ ጋሽ ይልማ ወደ መሪጌታ ጎንበስ አሉና ቤቱ በሙሉ በሚሰማው ሹክሹክታ «እንግዲህ የማን ዘር መሆናቸው ካልታወቀ ሰዎች ጋር እንዴት እንጋባለን?» አሉ። ጋሽ ዳምጤም በዚያችው ቅጽበት ያንኑ ለአክስታቸው እየተናገሩ ነበር።

ያስታረቋቸው መሪጌታ ናቸው። ሁለታችሁም እኩል አትታወቁም፤ ከዚህ የተሻለ አቻ ጋብቻ የት ይገኛል? አሏቸው። ተጋባን።

ጋሽ ይልማ ከሠርጉ በኋላ አንድ ሰሞን እህል እንቢ ብሏቸው ከረመ። ያሳዝኑ ነበር። በቅርቡ ግን ፊታቸው በርቶ መጡ። «አሰብኩበት» አሉኝ። «ድሃ ልጁን አይጥልም፤ አብሮት ይራባል እንጂ። ልጅን ወስዶ ዓባይ አፋፍ ላይ የሚያስደብቅ ምን አለ? ዙፋን ነዋ! እኛ የንጉሥ ዘር ነን።» በዚያው ሳምንት ሞጣ ስንደውል ጋሽ ዳምጤም ማንም ሳይነግራቸው እዚያው ደርሰዋል። ልዑልን ለመደበቅ ከገበያ ዳር የተሻለ ቦታ የለም ባይ ናቸው።

ሰላማዊት አሁን ነፍሰ ጡር ናት። ስንጸልይ ጤነኛ ልጅ ስጠን እንልና አንድ ልመና እንጨምራለን፦ አደራህን፣ ሁለቱ በአንድ ንጉሥ እንዳይስማሙ።