ጋሽ ጣሰውና የሊና የበረዶ መነጽር

በየሰፈሩ የማያውቀው ነገር የሌለ አንድ ሰው አለ። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ላም ቢነፋት፣ ልጅ ቢያስል፣ ዶላር ቢወደድ፣ ምክንያቱንም መድኃኒቱንም እሱ ያውቃል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ወይ ገና አልተመሠረተም፣ ወይ ሰውየው ሌላ ሰፈር ምክር ሊሰጥ ሄዷል።

ቦንጋ ውስጥ፣ ከገበያው ቁልቁል ባለው ሰፈር፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ጣሰው ናቸው። ማን ሾማቸው? ማንም። ማንስ ይሽራቸዋል? እሱም ማንም። ዕድሜያቸውን በቡና መጋዘን ሚዛን ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ የሚመዝኑት የሰው ችግር ነው። ራቅ ብለው ሄዱ ከተባለ ጅማ ነው፤ ስለ ጃፓን ባቡር ግን ጃፓናዊ ቢያናግራቸው ተምሮ ይመለሳል። ሊናገሩ ሲሉ አንገታቸውን ቀና፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ጠቅ ያደርጉና፣ “ይሄን እኔ ከሥሩ ነው የማውቀው!” ይላሉ። ብልጥ የሆነ ያኔውኑ እግሬ አውጪኝ ይላል።

ባለሱቋ ኸይሪያ ብልጥ አልሆነችም። ስልኳ ባልዲ ውስጥ ወደቀባትና ስትጮኽ ጋሽ ጣሰው ደረሱ። “ጤፍ ውስጥ ቅበሪው፣ ውሃውን ምጥጥ ያደርገዋል!” አሏት። ቀበረችው። ውሃው መውጣቱን አላህ ይወቅ፤ ጤፉ ግን በየቀዳዳው ገባ። ኸይሪያ ዛሬም በስልኩ ሰው ስታናግር ድምፅዋ ወንፊት ውስጥ አልፎ የሚመጣ ነው የሚመስለው። በጅማ መንገድ ሺሺንዳ ላይ ደግሞ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ተበላሽቶ ቆመና ወርደው ሹፌሩን መከሩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሺሺንዳ አደረ። እሳቸውም አብረው አደሩ፤ አልጋ ቤቱ ለምን በዚያ በኩል መሠራት እንዳልነበረበት ለባለቤቱ ሲያስረዱ አመሹ። ከቢታ ገነት ማር ይዞ ለመጣ ገበሬም ንብ እንዴት እንደምታስብ አስተምረውታል። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ሰምቶ ሲያበቃ፣ “ንቦቹ ይህን ቢሰሙ ጥሩ ነበር” ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ይህን ሲያወራ ሰፈሩ በሳቅ ይፈርሳል። በዛወርቅ ግን አትስቅም።

እትዬ በዛወርቅ ለጋሽ ጣሰው የአጥር ጎረቤታቸው ናት። ባሏ ተስፋሁን ከቦንጋ ዋጫ፣ ከዋጫ ቢታ ገነት ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ነበር። አንድ ክረምት ላይ “መንገዱ ጠበበብኝ” አለ። ከጎን የሚመጣ ሰው አልታየው አለ፤ መብራት ሲያይ ዙሪያውን ቀለበት ይሠራበት ጀመር። በዛወርቅ ልብሱን በፌስታል አድርጋ ጅማ ሐኪም ቤት ልትወስደው ስትነሳ፣ ጋሽ ጣሰው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

“የዓይን ሞራ ነው! ሞራ ደግሞ ሳይበስል አይነሳም። አሁን ብትሄዱ ተመለሱ ነው የሚሏችሁ። እስኪበስል ጠብቁ፣ ይሄን እኔ ከሥሩ ነው የማውቀው!”

ተስፋሁን ማየት እስኪሳነው ጠበቁ። ጅማ የደረሱ ዕለት ሐኪሙ የተስፋሁንን ዓይን በመብራት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። “ይሄ ሞራ አይደለም፤ የዓይን ግፊት ነው። የጠፋውን መመለስ አይቻልም። ምነው እስካሁን ቆያችሁ?” አለ። በዛወርቅ ምን ትበለው? ጎረቤታችን እስኪበስል ጠብቁ ብሎን ነው ትበለው? ዝም አለች። ያ ዝምታ ይኸው እስከ ዛሬ ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሯል።

ጋሽ ጣሰው ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ይቅርታ የሚባል ነገር ካፋቸው አልወጣም። ይልቅስ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጡ፣ በረንዳው ላይ ከተስፋሁን ጎን ይቀመጡና መንገዱን ይተርኩለታል። “አሁን ያለፈው አይሱዙ ነው፤ ቡና ጭኖ ጎማው ሊፈነዳ ደርሷል።” ተስፋሁን ከድምፁ ባዶ ባጃጅ መሆኑን ያውቃል፤ ሹፌር ነዋ! ግን፣ “አይ፣ ምናለ በልኩ ቢጭኑ” ይላል እንጂ አያርማቸውም። በዛወርቅ ወጥ ቤት ሆና ይህን ስትሰማ የድስቱን ክዳን ጓ አድርጋ ትገጥማለች። ዓይኑን አስጠፍተው ዓይን ሊሆኑት መጡ፣ አይ የሰው ድፍረት! ትላለች።

የበዛወርቅና የተስፋሁን ልጅ አብርሆት የምትኖረው ኖርዌይ ነው። የአብርሆትን ልጅ ሊናን በዛወርቅ በስልክ ካልሆነ አይታት አታውቅም። አላጠበቻትም፣ አላዘለቻትም፣ ስም ሲወጣላትም የጠየቃት የለም። አያትነቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ለስልክ እጅ ማውለብለብ ነበር። ታዲያ አንድ ቅዳሜ አብርሆት ደወለችና፣

“እማዬ፣ ትምህርት ቤቱ ሊናን በረዶ ላይ መንሸራተት ሊያስጀምራት ነው” አለች።

“በረዶ ላይ? ብትወድቅስ?”

“ትወድቃለች እንጂ! ወድቀው ነው የሚማሩት። እኔ የምፈራው ለዓይኗ ነው። ፀሐይዋ በረዶው ላይ አርፋ ስትመለስ ዓይን ታቃጥላለች። መከላከያ መነጽር ልገዛላት ነው፤ ሦስት አይቻለሁ። ሊና ደግሞ ‘አያቴ ካልመረጠችልኝ አላደርግም’ ብላ ድርቅ ብላለች።”

በዛወርቅ ደረቷን ያዘች። “እኔ? እኔ ምን አውቄ?” አለች፤ ደስታው ግን ፊቷ ላይ ሞልቶ ፈሷል።

“ፎቶዎቹን ልኬልሻለሁ፣ እስከ ነገ አስቢበት።” ከዚያ አብርሆት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እማዬ፣ ብቻ ለጋሽ ጣሰው እንዳትነግሪ። የዓይን ነገር ነው።”

“ምን በወጣኝ!” አለች በዛወርቅ።

ፎቶዎቹን ደጋግማ አየች። አንደኛው መነጽር እንደ ባለሥልጣን መኪና መስታወት ጥቁር ነው። ሁለተኛው ሮዝ ሆኖ ፊቱ ያብረቀርቃል፤ ሊና የሞተችለት እሱን ነው። ሦስተኛው ብርቱካናማ፣ ዙሪያውን ወፍራም ስፖንጅ የዞረው፣ መልክ የሌለው ነገር ነው። የቱ ነው ዓይን የሚያድነው? ማንን ትጠይቅ? ለልጅ ልጇ እንድትመርጥ ስትጠየቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ስታበላሸው ደግሞ በዓይን ነው የምታበላሸው። በበነጋው ኸይሪያ ሱቅ ሄዳ ከተሰቀሉት የፀሐይ መነጽሮች ጥቁሩን አወረደችና አድርጋ ወደ ውጭ ወጣች።

“ለሰርግ ነው እትዬ በዛወርቅ?” አለች ኸይሪያ።

“ለበረዶ ነው።”

“በስመላህ!”

ማዶ ያለው አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ባዶ ዓይን አያስጠጋም። በጥቁሩ መነጽር ግን ጣሪያው ሥዕል መስሎ ታያት። እሰይ፣ ጥቁሩ ነው አለች። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ደመናው መጣ፤ ቦንጋ መቼም ደመና አያጣትም። ወዲያው ዓለሙ ጨለመባትና አንድ እግሯ ቦይ ውስጥ ገባ። ኖርዌይስ ደመና ቢመጣ? ልጅቷ ከነመንሸራተቻዋ የት ትግባ? መነጽሩን ለኸይሪያ መልሳ፣ ጭቃ እግሯን እየጎተተች፣ ከበፊቱ ይብስ ግራ ተጋብታ ቤቷ ገባች።

በረንዳው ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል። ተስፋሁን ኮቴዋን ሲሰማ፣ “በዛ፣ ለልጅቷ መነጽሩን መረጥሽላት?” አለ።

“የምን መነጽር?” አሉ ጋሽ ጣሰው።

ጉድ ፈላ! በዛወርቅ ባሏን በዓይኗ ልትገርፈው ፈለገች፤ ምን ያደርጋል፣ አያይ። የተቀረቀረው ሁሉ ድንገት ወደ ላይ መጣባትና ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ደቀነችው።

“በሉ ይኸውልዎ! ሊና በረዶ ላይ ልትንሸራተት ነው። ለዓይኗ መነጽር ይመረጥላት ተብሏል። ይጀምሩ እንጂ! ይሄን እርስዎ ከሥሩ ነው የሚያውቁት፣ አይደለም?”

ጋሽ ጣሰው ስልኩን ተቀበሉ። አራቁት፣ አቀረቡት። ሦስቱንም መነጽሮች አዩ። አንገታቸው ቀና አለ፤ ከዘራው ከመሬት ተነሳ። በዛወርቅ ለሚመጣው ነገር ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች፤ የጃፓን በረዶ ሊመጣ ነው፣ የኬንያ ተራራ ሊመጣ ነው። ከዘራው እንደተነሳ ቀረ።

“አላውቅም” አሉ።

“ምን አልክ?” አለ ተስፋሁን ፊቱን ወደሳቸው አዙሮ።

“አላውቅም አልኩ። የዓይን ነገር አላውቅም።”

በዛወርቅ ይህችን ቃል ስንት ዘመን ጠብቃታለች! ስትሰማት ደስ የሚላት ይመስላት ነበር። አልሆነም።

“ዛሬ? ዛሬ ነው የጠፋብህ?” አለች። አንተ ብላቸው አታውቅም፤ ከየት እንደመጣም አታውቅ። “ይህችን ቃል ያኔ ብትላት ምን ነበረበት፣ አንተ ሰው? ‘አላውቅም’ ብትለኝ ልብሱን በፌስታል አንጠልጥዬ ነበር እኮ! እሄድ ነበር! ባሌ ዛሬ የልጅ ልጁን ፎቶ ያይ ነበር!”

ጋሽ ጣሰው ስልኩን ወንበሩ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። “ለዚሁ ነው አላውቅም ያልኩሽ፣ በዛወርቅ። የሚያውቅ ጠይቁ። ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቁ” አሉና ተነስተው ሄዱ። ከዘራቸውን እንኳ አላስታወሱትም።

ተስፋሁን የጋሽ ጣሰው ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ፣ “አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በዛ” አለ። “ያኔ ልቤ ያውቅ ነበር። ጅማ መሄድ ፈራሁ። ሐኪሙ መኪናህን ሽጥ እንዳይለኝ ፈራሁ። ጠብቅ የሚለኝ ሰው ስፈልግ ጣሰው መጣልኝ። እሱ ባይለኝ ሌላ ሰው ፈልጌ አስብል ነበር።”

“እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?”

“እሱን ስትጠዪው እኔ ተረፍኩ።”

በዛወርቅ ማንን እንደምትቆጣ ጠፋትና ወጥ ቤት ገብታ ንጹሑን ድስት ታጥብ ጀመር።

አብርሆት ስትደውል በዛወርቅ ቃሏን አዘጋጅታ ነበር። “በፎቶ የዓይን ነገር አይመረጥም፣ ልጄ። የዓይን ባለሙያ ዘንድ ውሰጃት። ፊቷ ላይ ይለካ፤ በየት በኩል ክፍተት እንዳለው፣ ደመና ሲሆን እንዳያጨልምባት፣ የፀሐይዋን ጉዳት በእርግጥ የሚከለክል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይንገርሽ። ዛሬ ነገ አትበይ። ማሰሪያውን ግን እኔ መርጫለሁ፤ ቢጫ ይሁን፣ ብትወድቅ ከሩቅ ትታያለች።”

“እሺ እማዬ። ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ማን መከረሽ?”

“እኔ ነኝ” ማለት ይቻል ነበር። “ጋሽ ጣሰው” አለች።

አብርሆት ወንበር ስባ ስትቀመጥ በስልኩ ተሰማ።

“ምን አሉ?” አለች።

“አላውቅም አሉ።”

ከአብርሆት ኋላ ሊና በማይገባ ቋንቋ ቢጫ፣ ቢጫ የምትል በሚመስል ድምፅ ትጮኻለች።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ጣሰው አልመጡም። ተስፋሁን ከሰዓት በኋላ ብቻውን ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይቀመጣል። መኪና ያልፋል፣ የሚናገር የለም። አንድ ቀን ጨነቀውና፣ “በዛ፣ አሁን ያለፈው ምንድን ነው?” አላት።

“ባጃጅ።”

“ምን ጭኗል?”

“ምንም።”

“እህ” አለ ተስፋሁን። እውነት እንዲህ አጭር መሆኗን በዛወርቅ ያን ቀን አወቀች። ሰፈሩም ጭር አለ፤ ኸይሪያ እንኳ፣ “ጋሽ ጣሰው አመማቸው እንዴ? ስልኬ ተዘጋ፣ የሚያባብስልኝ አጣሁ” ብላ ልካለች።

በዛወርቅ ከዘራውን አንስታ ወደ አጥሩ ሄደች።

“ጋሽ ጣሰው! ከዘራዎን ረስተዋል።”

መጡ። ከስተዋል። ዓይኗን ሳያዩ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉና ሊመለሱ ዞሩ። ይቅር ብያለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም፣ ደግሞም ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም።

“ጣሪያዬ ያፈሳል” አለች።

ቆም አሉ። “በየት በኩል?”

“በጓዳው በኩል።”

አንገታቸው ቀስ እያለ ቀና አለ፤ ከዘራው ጠቅ አለ። “ሚስማሩ ነዋ! ሚስማሩን የቆርቆሮው ሸለቆ ላይ መትተውት ነው! መሰላል አምጪ፣ ይሄን እኔ ከሥሩ ነው የማውቀው!”

ጣሪያው አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም። ጋሽ ጣሰው ወጥተው ደህናውን ሚስማር ሁሉ ነቀሉት፣ ቀጠቀጡት፣ በሌላ ቦታ መቱት። ተስፋሁን በረንዳው ላይ ሆኖ የት የት እንደሚረግጡ በጆሮው እየተከተለ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ቆይታለች።

ማምሻውን የቦንጋ ዝናብ መጣ። በዛወርቅ ጓዳ ገብታ ባልዲውን ከአዲሱ ጠብታ ሥር አስቀመጠችና ጠብ ጠብ ሲል እያዳመጠች ነገ ሲመጡ የምትላቸውን አሰበች።

“ማፍሰሱ ቀጥ ብሏል፣ ጋሽ ጣሰው” ልትላቸው ነው።