ጋሽ ዘውገ የሚሸፍኑት ቴሌቪዥን

የራሱ ልጅ ሳይኖረው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የሚያሳድግ ሰው የሌለበት ሰፈር አይገኝም። በደርግ ጊዜ፣ ትልቁ ድርቅ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ ላሊበላ ውስጥ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ቴሌቪዥን ከነጀነሬተሩ ሲገባለት ማንም ሳይሾማቸው ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ዘውገ ነበሩ።

እሁድ እሁድ አመሻሽ ላይ፣ አገራቸውን ጥለው ሱዳን ስለገቡ ሰዎች የሚተርክ ድራማ ይታያል። ጋሽ ዘውገ ጋቢያቸውን ይዘው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆማሉ። ሲጋራ ሲለኮስ ጋቢው ይወርዳል። ወንድና ሴት ሲቀራረቡ ይወርዳል። አንድ ጊዜማ ሁለት ግመሎች አንገት ለአንገት ቢተሻሹ ወረደ።

«ጨፍኑ ልጆች፣ እኔ አይላችኋለሁ» ይላሉ። አዋቂውም አብሮ ይጨፍናል።

መነን ግን አትጨፍንም። ባሏ ፈንታው በድርቁ ዓመት ወደ ሱዳን እንደሄደ ቀርቷል። ልጇ ወለላ ድራማውን የምታየው አባቷን ፍለጋ ነው። በረሃውን የሚያቋርጠው የስደተኛ ሰልፍ ብቅ ሲል አንገቷን ታሰግጋለች፤ ያን ጊዜ ጋቢው ይወርዳል። ሥዕሉ ይጠፋል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ከጋቢው ጀርባ ሰዎች እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ፣ ያስላሉ፤ አንዲት ሴት በመንገድ የቀሩባትን በየስማቸው ትጣራለች። ብርሃኑ በነጩ ሸማ ላይ ሲርገበገብ ውስጡ የሚተነፍስ ነገር ያለ ይመስላል።

አንድ ቀን መነን ውሃ ቀድታ ስትመለስ ወለላ ከጓዳው መጋረጃ ፊት ተቀምጣ በሹክሹክታ ታወራለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪ?»

«ከአባዬ ጋር። ከጨርቁ ጀርባ ነው። ሳል ይዞታል።»

መነን እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ፈንታው ሲሄድ ክፉ ሳል ይዞት እንደነበር ለልጅቱ ነግራት አታውቅም። መጋረጃውን የገለጠችው ብዙ ቆይታ ነው። ከኋላው እንስራና ባዶ ስልቻ ብቻ ነበር።

እሁድ ሲደርስ ሰው ሁሉ እየሰማ ተነሣች።

«ጋሽ ዘውገ፣ ዛሬ አይሸፍኑብን።»

«ለልጅ የማይሆን ነገር ይመጣል እኮ፣ መነን።»

«የምታየውን እኔ አስረዳታለሁ። የማታየውን ግን በምን ላስረዳት? እሱ ነው ልጄን የሚያስጨንቃት።»

ሰልፉ መጣ። ጋቢው ትከሻቸው ላይ ቀረ። በመንገዱ ዳር ድንጋይ የተከመረባቸው መቃብሮች ታዩ። ወለላ ፊቶቹን አንድ በአንድ መረመረች።

«አባዬ የለም» አለች።

«ድራማ ነው፣ ልጄ። እነዚህ ሰዎች ስደተኛ መስለው ነው የሚጫወቱት። አባትሽ የት እንዳለ እኔም አላውቅም።»

መነን ይህን ቃል ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ቀና ስትል ጋሽ ዘውገን አየች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ለካ ይህን ሰልፍ አንድም ቀን አይተውት አያውቁም።

«ወንድሜ ምስጋኑ በዚያ መንገድ ነው የቀረው» አሉ። «ድንጋዩን የከመርኩበት እኔው ነኝ።»

መነን እጃቸውን ይዛ ከወለላ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ወዲያው ጀነሬተሩ ቆመና አዳራሹ ጨለመ። ከቦታው የተነሣ ግን የለም።

«አባባ ዘውገ፣ ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለች ወለላ።



«ሌባ ነበር» አሉ ጋሽ ዘውገ። «የአጎታችንን ማር ሰርቆ ንብ ነድፋው፣ ፊቱ ድፎ ዳቦ አክሎ ሲመጣ ‹እኔ አልበላሁም› ብሎ ማለ። ማሩ ከጢሙ እየተንጠባጠበ።»

ልጆቹ በጨለማው ውስጥ በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ ዘውገም፣ ምግባረ ብልሹነትን እያስተማሩ መሆናቸው ሳይታሰባቸው፣ ሁለተኛውን ስርቆት ጀመሩ።