ይሄ ቻርጀር የማን ነው?

በዚህ ዘመን ከተሠሩ ነገሮች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ አውሮፕላን አይደለም። አውሮፕላን ትልቅ ነው፤ ትልቅ ነገር ትልቅ ቦታ ቢይዝ ማን ይገረማል? እኔን የሚያስደንቀኝ የቻርጀር ራስ ነው። ያ ጥቁሩ፣ ወፍራሙ፣ ግማሽ ጡብ የሚያክለው። የሚያስፈልገው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እግሮቹም ቀጫጭን ናቸው። ሲሰካ ግን ትከሻውን ግራና ቀኝ ዘርግቶ የጎረቤቶቹን ቀዳዳ ይከድናል። አይጠቀምባቸውም። ዝም ብሎ ይከድናቸዋል።

እስቲ ቤታችሁ ያለውን ዲቫይደር ተመልከቱ። ያንን ከግድግዳው አንድ ሶኬት ወስዶ ለአራትና ለአምስት የሚያካፍለውን ማለቴ ነው። ስትገዙት ሁሉም ቀዳዳ ይሠራ ነበር። አሁን አንዱ ተቃጥሎ ጠቁሯል። አንዱ የክብሪት እንጨት ካልተሸጎጠበት አይዝም። ሁለቱ በአንድ ወፍራም ቻርጀር ጥላ ሥር ናቸው። በቀረው ትኖራላችሁ። እንዲህ ያለውን ቻርጀር የሠራው መሐንዲስ ጎረቤት የሌለው ሰው ነው ብዬ ካመንኩ ቆይቻለሁ።

ከቻርጀሩ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን እኛው ነን።

ሜክሲኮ ላይ አውቶቡስ ሲመጣ የምንሆነውን ታውቁታላችሁ። ክርን አለ፣ ትከሻ አለ፣ የተረገጠ እግር አለ። "ይቅርታ" የምትባለው ቃል ከገባን በኋላ፣ ወንበር ከያዝን በኋላ ነው ትዝ የምትለን። እንዲህ የምንሆን ሰዎች የተሰካ ቻርጀር ፊት ስንደርስ እጃችንን እንሰበስባለን። ካፌም ይሁን ባንክ ቤት፣ ዙሪያውን ቃኝተን "ይሄ የማን ነው?" እንላለን። መልስ ካልመጣ አንነቅልም። ቆመን እንጠብቃለን። ሠላሳ ሰው ገፍቶ የገባ ጎረምሳ አንድ ገመድ ለመንቀል ፈቃድ ይጠይቃል! ቢነቅለው ምን ይጎዳል? ማንም አይጎዳም። ግን በገመዱ ወዲያኛው ጫፍ፣ እኛ በማናየው ቦታ፣ የሆነ ነገር እየሞላ ነው። የሚሞላን ነገር ማቋረጥ ያስፈራናል።

ይህን ያየሁት ለቅሶ ቤት ነው።

ጋሽ ተፈራ አረፉ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ በጃንጥላ ሥር ተቀምጠው የሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ጎረቤታችን ነበሩ። ድሮ በታይፕ ይጽፉ ነበር፣ ኋላ በላፕቶፕ። የተጣላ፣ የተፈናቀለ፣ የተካሰሰ ሁሉ እሳቸው ፊት ተቀምጦ ብሶቱን ያወራል፤ እሳቸው ብሶቱን ወደ "ለተከበረው ፍርድ ቤት" ይለውጡታል። ቤታቸው የኮንዶሚኒየማችን ምድር ላይ ነው፤ እኔ ከበላያቸው ነኝ። ጠዋት ለሥራ ሊወጡ ሲሉ ድንገት አመማቸው፣ ሆስፒታል ገቡ፣ በማግስቱ አመሻሽ ላይ አረፉ።

ድንኳኑ በነጋታው መስኮታቸውን ተጠግቶ ተተከለ። እድሩ አግዳሚ ወንበሩን አወጣ፣ ጎረቤት ሽሮውን ሠራ፣ ከቤታቸው በመስኮት አንድ ዲቫይደር ተጎትቶ ወጣ። አስከሬኑ ከሆስፒታል መጥቶ ቤት ገባ። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አቶ ለማ። የጋሽ ተፈራ ታናሽ ወንድም። ከወንድሞቻቸው የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የሚኖሩት ከወሊሶ ወዲያ ገጠር ነው። የጋሽ ተፈራ ባለቤት እትዬ ዘነበች ማታውኑ በሟቹ ስልክ ደውለው "ወንድምህን ትንሽ አሞታል፤ ጠዋት ድረስልን" ብለዋቸዋል። መርዶ በስልክ አይነገርማ። ሰው መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ዘመድ ከቦት ነው የሚረዳው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሞት በስልክ ሲሄድ ሁልጊዜ "ትንሽ ሕመም" ነው። አቶ ለማም "እሺ፣ ከተማ ስገባ እደውላለሁ" አሉ። ከዚያ የጋሽ ተፈራ ስልክ ባትሪ አለቀ። በዚያ ሁሉ ዋይታ መሐል ማን ያስታውሰው? እትዬ ዘነበች ትዝ ያላቸው ከቀትር በኋላ ነው።

ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። አቶ ለማ የሚያውቁት ቁጥር ያንን ብቻ ነው። የእሳቸውን ቁጥር ደግሞ በቃሉ የያዘ ሰው የለም። እነ ጋሽ ተፈራ የድሮው ቤት ፈርሶ ወደዚህ ከተዛወሩ ወዲህ አቶ ለማ መጥተው ስለማያውቁ ሰፈሩን እንኳ አያውቁትም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

"ወንድሙ ሳያየው አፈር አይለብስም" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ተነግሯል። ሰውም ከሥራው ቀርቶ ነው የመጣው፣ ካህናቱም ሌላ ቀብር አለባቸው" አሉ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን። ክፉ ሰው አይደሉም። ሰዓት ያላቸው ሰው ናቸው።

ዳዊት የሚባል ባለታክሲ ጎረቤታችን ሲሙን አውጥተን ሌላ ስልክ ውስጥ እንክተተው አለ። አወጣው። የድሮው ትልቁ ሲም ነው፤ ከእኛ ስልኮች አንዱም ውስጥ አይገባም። ዳዊት መቀስ አስመጣ።

"እንዳትነካው!" ጮኹ እትዬ ዘነበች። "ባለፈው የራስህን ቆርጠህ ሳምንት ሙሉ ስልክ አልባ የሆንከው አንተ አይደለህም?"

ዳዊት መቀሱን ሸሸገ። ሲሙ ወደ ቦታው ተመለሰ። እትዬ ዘነበች ስልኩን ከቀጭኑ ቻርጀር ጋር ለእኔ ሰጡኝ። "በል ሰካልኝ። ሌላ ቤት እንዳትወስደው፤ ከዓይኔ አይራቅ።"

ወደ ዲቫይደሩ ጎንበስ አልኩ። ባለ አራት ቀዳዳ ነው። አራተኛው ተቃጥሏል። ሁለተኛው ላይ እሱ ተቀምጧል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አንደኛውንም ሦስተኛውንም ከድኖ። አናቱ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት በርታለች።

"ይሄ የማን ነው?" አልኩ።

"እኔም ከጠዋት ጀምሮ እያየሁት ነው" አለች የራሷን ቻርጀር እጇ ላይ የጠቀለለች ሴት። አጠገቧ ያለውም ሰውዬ ከኪሱ ገመድ አውጥቶ አሳየኝ። ድንኳኑ ውስጥ ያልጠየቀ የለም። የነቀለም የለም።

"የእድሩ ይሆናል" አለ ዳዊት።

"እድር ምኑን ቻርጅ ያደርጋል? ድስቱን?" አሉ ጋሽ መኮንን።

"የካህናቱ ድምፅ ማጉያ ነዋ!"

"ካህናቱ መቼ መጡና?"

ያቺ ሴት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የእማማ ብርሃኔ ማሽን ቢሆንስ?"

እማማ ብርሃኔ የጋሽ ተፈራ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ የሚተነፍሱት በማሽን እርዳታ ነው። መስኮታቸውም ከጋሽ ተፈራ መስኮት ጋር ጎን ለጎን ነው። ቻርጀሩን ሊነካ የተቃረበ እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ።

"አንድ ደቂቃ ብቻ ነቅለን..." አለ ዳዊት።

"አንድ ደቂቃ አንተ ትንፋሽህን ያዝና እንይህ" አለችው።

ሄደን የእማማ ብርሃኔን በር አንኳኳን። አልከፈቱም። ይሄ ደግሞ የባሰ አስፈራን። (ኋላ እንደሰማነው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ማሽኑንም የሚጠቀሙት ሲተኙ ነው። ግን በዚያ ሰዓት ይህን ማን ያውቃል?) የቀረን ገመዱን ተከትሎ መሄድ ነው። ገመዱ ከምንጣፉ ሥር ገብቶ በኋለኛው አግዳሚ ወንበር ሥር ያልፋል። ወንበሩ ላይ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል።

"አባቶች፣ አንዴ ብድግ ቢሉልኝ?" አልኩ በትሕትና።

ያደረግኩትን ያወቅኩት ካደረግኩት በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ሽማግሌዎች ከተነሱ አስከሬን ሊወጣ ነው ማለት ነው። ከኋላ ያሉት ሲነሱ ከፊት ያሉት ተነሱ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት "ተፈራዬ! ሊወስዱህ ነው!" ብላ ጀመረች፤ ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት፤ ብሎኩ በሙሉ በለቅሶ ተናወጠ።

"ገና ስምንት ሰዓት ነው! ተቀመጡ!" ጋሽ መኮንን የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ላይ አንስተው ያሳያሉ። ማን ይስማቸው? በዚያ ለቅሶ መሐል ቆሞ "ቻርጀር እየፈለግን ነው" የሚልስ ማን ነው? እኔ አላልኩም። በአራት እግሬ ወንበሩ ሥር ገብቼ ነበር።

ገመዱ መሐሉ ላይ በጥቁር ቴፕ ተቀጥሏል። ከወንበሩ ሥር ወጥቶ በድንኳኑ ሸራ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ሁለቱ መስኮቶች ጋ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ወደ ቀኝ ከሄደ የእማማ ብርሃኔ ነው።

ወደ ግራ ሄደ።

ግራው የጋሽ ተፈራ ቤት ነው። ድንኳኑን ሙሉ የማን ነው ብለን ጠይቀን ነበር። ባለቤቱን ግን መጠየቅ አይቻልም።

ለቅሶው ቀስ በቀስ በረደ። እትዬ ዘነበች እኔንና ገመዱን አዩ። "የሱ ነው" አሉ። "ያመመው ጊዜ ለሥራ ሊወጣ አልሞላም ብሎ መልሶ ሰክቶት ነበር። ንቀለው ልጄ። እስካሁን ሞልቷል።"

ነቀልኩት። ጠንክሮ ነበር፤ ሲላቀቅ ዲቫይደሩ አብሮ ተነሳ። ይሞቃል። ይህን አልጠበቅኩም። ጋሽ ተፈራ ቤት ውስጥ በሳጥን ተኝተዋል፤ እሳቸው የሰኩት ነገር እጄ ላይ ይሞቃል። እንደ ዕቃ ወርውሬ ልጥለው አልቻልኩም፤ በቀስታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። ያቺ ቻርጀሯን የጠቀለለች ሴት አማተበች።

ቀጭኑን ሰካሁ። ስልኩ ላይ ትንሿ የባትሪ ሥዕል ብቅ አለች። ድንኳኑ በሙሉ እፎይ አለ።

መብራት ጠፋ።

"ሄደ!" አለ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ። ጋሽ መኮንን እንኳ ሰዓታቸውን ማየት አልፈለጉም።

ብድግ ያሉት እትዬ ዘነበች ናቸው። "ገመዱ ጫፍ ያለውን ሳጥን አምጡት" አሉ።

ዳዊት በመስኮት ገብቶ እጀታ ያለው፣ የመኪና ባትሪ የሚያክል መብራት ማጠራቀሚያ ሳጥን ይዞ ወጣ። በጃንጥላ ሥር ሶኬት የለም። ጋሽ ተፈራ መብራቱን ቤት ሞልተው፣ ተሸክመው፣ ፍርድ ቤቱ ጋ ወስደው ነው ላፕቶፑንም ማተሚያውንም የሚያስነሱት። በየቀኑ በዚያ ሲያልፍ ያያቸው ሰው ሁሉ ይህ ከየት ይመጣል ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። የሳጥኑ ፊት ላይ ሁለት ሶኬቶች አሉ፤ ተራርቀው የተቀመጡ፣ ባዶ፣ ማንም ያልከደናቸው። ቁልፉን ሲጫኑት አረንጓዴ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በራ።

ሙሉ።

ቆሜ አየሁት። ከጠዋት ጀምሮ ቀዳዳ ዘጋብን ብለን ስናማው የዋልነው ነገር የአንድ ሰው የሥራ ቀን ሲያጠራቅም ነበር። ያ ቀን አልመጣም። መብራቱ ግን መጥቶ ተቀምጧል። ከተማው ጨልሞ፣ ሰፈሩ ጨልሞ፣ የጋሽ ተፈራ ሳጥን ሙሉ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ምን እንደሚሉት አላውቅም። ስልኩን ሰካሁበት።

ጠበቅን። ካህናቱ ደረሱ። ጸሎቱ ተጀመረ፣ አለቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ።

የእነዚያ የድሮ ስልኮች ድምፅ ይታወቃል፤ ጆሮ ላይ ቢለጥፉትም ሰፈር ይሰማል። ጋሽ መኮንን በእጃቸው ለእትዬ ዘነበች ይጠቁማሉ፦ ትንሽ አሞታል በይው፣ ትንሽ።

"ለማዬ፣ የት ደረስክ?"

"አየር ጤና ነኝ እትዬ። ስደውል ስደውል ዝግ ነው ይለኛል።"

"ባትሪ አልቆ ነው።"

"እሱስ?"

"ያው... ትንሽ..."

"እትዬ" አሉ አቶ ለማ፤ ከጀርባቸው የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። "ትንሽ ላመመው ሰው በማታ ተደውሎ ጠዋት ድረስልን አይባልም። ማታውኑ ገብቶኛል። አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እሺ ያልኩት። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እደርስበታለሁ?"

እትዬ ዘነበች ቀና ብለው ጋሽ መኮንንን አዩ። ሁላችንም ጋሽ መኮንንን አየን። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ፣ ካህናቱን አዩ፣ ደጅ የቆመውን ሰው አዩ። ከዚያ የኮታቸውን እጅጌ ጎተት አድርገው ሰዓቱን ሸፈኑት።

"ይደርሳል በይው" አሉ። "ሜክሲኮ ይውረድ፤ ሰው እንልካለን።"