የሁለት እንጨት ጣጣ

(ገዳሪፍ፣ ሱዳን። ፍቅርአዲስ ራኩባ ከሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ሁለት የሹራብ እንጨት ይዛ ላብ በላብ ሆናለች። ቴሌቪዥኑም ቴርሞሱም የእሷን ዳንቴል ለብሰዋል። ባሏ ምንይችል የክሩን ኳስ ታቅፏል። አጠገባቸው አንድ አሮጌ ሹራብ ተዘርግቷል።)

ፍቅርአዲስ፦ ዝም በል ብያለሁ! በአንድ ኪሮሽ ቤቱን ሁሉ ያለበስኩ ሴት ሁለት እንጨት ያቅተኛል?

ምንይችል፦ እኔ ምን አልኩ? እንጨቱ ሁለት ከሆነ ሥራውም ሌላ ይሆናል ነው ያልኩት።

ፍቅርአዲስ፦ ክር ክር ነው! አንተ ሰሊጥ ከማጨድ ሌላ ምን ታውቃለህ?

ምንይችል፦ እሱስ እውነት ነው። ግን በዚህ ሐሩር ሹራብ...

ፍቅርአዲስ፦ ለአንተ መሰለህ? ለልጃችን ልጅ ነው እንጂ! እሑድ ደባርቅ ላይ ክርስትናው ነው፤ የጎረቤታችን የብርሁ ሎሪ ነገ ማለዳ ወደ መተማ ይነሳል። የልጃችን የዕፀገነት አማት በስልክ ያለችኝን ረሳኸው? «የእርስዎ ዳንቴል ለቴርሞስ እንጂ ለልጅ አይሆንም» አለችኝ እኮ! እኔም «በገዛ እጄ ሹራብ ሠርቼ ባልመጣ ፍቅርአዲስ አይበሉኝ» ብያለሁ።

ምንይችል፦ ከሱግ፣ ከገበያው ገዝተሽ «እኔ ሠራሁት» ብትይስ?

ፍቅርአዲስ፦ በክርስትና ቀን ልዋሽ?

ምንይችል፦ (አሮጌውን ሹራብ በጎሪጥ እያየ) ውሸትስ ደግ አይደለም።

ፍቅርአዲስ፦ ይኸው፣ አክስትህ ሸዋረጋ የሠራችልህን ሹራብ እያየሁ እሠራለሁ። ልታጨኝ ስትመጣ ለብሰኸው ባትመጣ መች አገባህ ነበር? እመብርሃንን! ይህን የሠራ ሰው ዛሬ ፊቴ ቢቆም ተንበርክኬ እግሩን እስማለሁ።

ምንይችል፦ ሳይታጠብ?

ፍቅርአዲስ፦ ቢጨቀይም! ግን ይኸ ሁሉ ቀለበት እንጨቱ ላይ ምን ይሠራል? በኪሮሽ አንዱን ጨርሰህ ነው ወደ ሌላው የምታልፍ። ይኸ አርባው በአንድ ላይ ተሰልፎ የዳቦ ቤት በር አስመሰለው።

ምንይችል፦ ይሰለፍ እንጂ። ሰሊጥም ሸራ ሳይነጠፍ አይዘቀዘቅም።

ፍቅርአዲስ፦ ሹራብ ሲሉት ሰሊጥ! እንጨቱን መዝዤ ክሩን ሳብ ሳደርገው ይጠብቃል።

ምንይችል፦ ኧረ ተይ!

ፍቅርአዲስ፦ ወንድ ስለ ክር ሊያስተምረኝ?

(እንጨቱን ትመዛለች፤ ክሩን ትስባለች። የጠዋቱ ሥራ ሁሉ ተተርትሮ ጉልበቷ ላይ ይከመራል።)

ፍቅርአዲስ፦ ወይኔ! ምን ይዤ ልሄድ ነው? ያቺ ሴት በድግሱ መሐል መሳቂያ ታደርገኛለች!

ምንይችል፦ አምጪው።

(እንጨቶቹን ይቀበላል። ዓይኑ ሳያይ እጁ ይሮጣል፤ ሹራቡ ወዲያው መልክ ይይዛል።)

ፍቅርአዲስ፦ አንተ ሰውዬ! ይኸን ከየት አመጣኸው?

ምንይችል፦ ፋው የጥጥ መጋዘን ዘበኛ ሳለሁ ባልደረባዬ ሃፍቱ አስተማረኝ። በሁለት የብስክሌት ሽቦ።

ፍቅርአዲስ፦ ታዲያ አክስትህ ሸዋረጋ?

ምንይችል፦ ነፍሷን ይማርና ቁልፍ መትከል እንኳ አታውቅም ነበር። «ወንድ ነኝ፣ ሹራብ እሠራለሁ» ብልሽ ታገቢኝ ነበር?

ፍቅርአዲስ፦ (የክሩን ኳስ ታቅፋ) ለነገ ይደርሳል?

ምንይችል፦ ይደርሳል። እጄ ሥራ ይዟል፤ እግሬ ግን ሥራ ፈት ነው። (ሸበጡን ያወልቃል።)

ፍቅርአዲስ፦ ቆይ! «በገዛ እጄ» ብያለሁ እኮ።

ምንይችል፦ ቄሱ አንድ አካል ናችሁ ብለውን የለ? እጄ እጅሽ ነው።

ፍቅርአዲስ፦ እንግዲያ እግርህም እግሬ ነው። የራሱን እግር የሚስም ማን አለ?

ምንይችል፦ (እንጨቶቹን ያስቀምጣል) እንግዲያውስ እጅሽ ደክሞታል።

ፍቅርአዲስ፦ (እየተንበረከከች) ቀኙን ላስቀድም ወይስ ግራውን?